ክረምት የሚወስደው መምህር

ሰኔ 30 ለተማሪው ሰርተፊኬት የሚታደልበት፣ የቆየ ቂም የሚወጣበት ቀን ነው። ለመምህሩ ግን የጉዞ ዋዜማ ነው። ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከአማራ ሳይንት በክረምት መርሐ ግብር የሚማረው መምህር ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ጭቃው መንገዱን ሳይዘጋው ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር ያቀናል። በመንግሥት ወጪ የሚማረው ውል ይፈርማል፣ ዋስ ይጠራል፤ ዲግሪው በክረምት በክረምት ተቆራርጦ ይገኛል።

በሕዝብ እንጀራ መማር ለዚህ ደጋ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪው በየደጁ በለመነው ቁራሽ እያደረ የዘመን ስሌቱን ባሕረ ሐሳብ ይማር ነበር፤ ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ ከቀሪው አንድ በመቀነስ ወንበሩን ያወጣል፣ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴውን ያገኛል። ደረሳውም መንደሩ እያበላው የውርስ ሕጉን ፈራኢድ ይቀራ ነበር፤ ልጅ ትቶ የሞተ ሰው ሚስት ከስምንት አንድ፣ እናቱ ከስድስት አንድ ስትወስድ ቀሪው ለማን እንደሚደርስ ያሰላል። ከዚያም ያወቀው መልሶ ያስተምራል። ውል የለም፣ ዋስ የለም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ሂሳብና ሳይንስን በመጀመሪያ በብዛት ያስተማረው የውጭ ሰው ነበር። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው የሕንድ መምህሩን አነጋገር ዛሬም እየቀዳ ያስቃል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጡ። በ1957 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ነበር። ሦስቱም መጥተው የሚሄዱ ነበሩ። የባሕር ዳሩ የፔዳጎጂ አካዳሚ በ1965 ሲከፈት ሐሳቡ የአገሬውን ሰው ማፍራት ነበር። በ1970ዎቹ መባቻ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀመረ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ የግድ ባሕር መሻገር ቀረ።

ነገሩ የተወሳሰበው ከ1990ዎቹ በኋላ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ተባለ። የመሰናዶ መምህርም ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ተፈለገ። በእነዚያው ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈሉ። እነሱም ማስተርስ ያለው ሰው ይሻሉ። የአማራ ክልል ከፍሎ ያስተማረውን የፊዚክስ መምህር ዩኒቨርሲቲ በተሻለ ደሞዝ ሲወስደው ማን ይከሰሳል? ከአገር አልኮበለለ፣ ሙያውን አልተወ። ዛሬም መምህር ነው። የጎደለው 11ኛ ክፍል ብቻ ነው።

አሜሪካም የመምህር እጥረት ነበረባት። ስፑትኒክ ባስደነገጣት ማግስት፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጓ የኮሌጅ ብድር የወሰደ ሰው በሕዝብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር በየዓመቱ 10 በመቶ፣ በአምስት ዓመት እስከ ግማሽ ዕዳውን ይሰርዝለት ነበር። ዕዳው የሚቀልለው በመመረቅ ሳይሆን ክፍል ገብቶ በማስተማር ነው። የእኛው የ1995ቱ የወጪ መጋራት ደንብም ለመምህርነት የሠለጠነ ሰው ዕዳውን በአገልግሎት እንዲከፍል ፈቅዷል። ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ግን ያ ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በእኔ ግምት ሁለተኛው ዲግሪ ላይ ስንደርስ የምንከፍለው ለሰውየው ሆነ እንጂ ለክፍሉ አልሆነም። የማስተርስ ጭማሪው ከመምህሩ ጋር ቦታ ይቀይራል፤ ወግዲ ለቆየና ደሴ ለገባ እኩል ነው። ታዲያ ማን ወግዲ ይቆያል?

በ2010 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ በሩን ከፈተ። ደስታው የሚገባ ነበር፤ ለዘመናት ለትምህርት ሲሰደድ የኖረ አገር ነው። ለመካነ ሰላም የሂሳብ መምህር ግን ትርጉሙ ሁለት ነው። ለማስተርስ ደሴ መንከራተቱ አንድ ቀን ሊቀርለት ይችላል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠርም ከተማ መልቀቅ ቀርቶ ቤት መቀየር አያስፈልገውም።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ወሬው ሁሉ ስለ ኩረጃ ሆነ፤ ፊዚክሱን ማን እንዳስተማራቸው የጠየቀ ጥቂት ነው። የ2015ቱ ውጤት ሳይሰማ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገዱም አስፈሪ ሆነ። ሰኔ 30 ሲደርስ ብርድ ልብሱን የሚጠቀልለው መምህር አሁን በቅድሚያ የሚጠይቀው የውሉን ዘመን አይደለም፤ መኪና መኖሩን ነው።