ትልቁን ካሜራ ከፒያሳ እስከ ስሜን ተራሮች፦ የማጓጓዣ ሣጥን አመራረጥና አሠራር

ከጎንደር ፒያሳ ተነስቶ ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ስሜን ተራሮች የሚያቀና መንገደኛ ስንቁንና ድንኳኑን እንዴት እንደሚጭን የሚነግረው አያጣም። ትልቅ ካሜራ ይዞ የሚጓዝ ሰው ግን ምክር የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ከተሰበረ በኋላ ነው። ካሜራውን የሚጎዳው ደግሞ ተራራው ሳይሆን፣ ለካሜራው ልክ ያልተሠራና ለበቅሎዋ ጀርባ ያልታሰበ ሣጥን ነው።

ትልቅ ካሜራ የሚባለው ምስሉን መዳፍ በሚያክል ወይም ከዚያ በሚበልጥ ፊልም አልያም የመስታወት ሰሌዳ ላይ የሚያስቀር ነው። በስፋት የታወቁት ሦስት መጠኖች 10 በ13፣ 13 በ18 እና 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ከፊት ሌንሱ፣ ከኋላ ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበት ጭጋጋማ መስታወት አለ። በመካከላቸው እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ቆዳ ወይም ጨርቅ ይገኛል።

በእጅ ስልክ ዘመን ይህን ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር መልሱ ጎንደር ከተማ ውስጥ ቆሟል። የፋሲል ግንብን ከሥር ሆኖ በተራ ካሜራ ያነሳ ሰው ማማዎቹ ወደ ኋላ የተጋደሙ መስለው ያገኛቸዋል። በትልቁ ካሜራ ሌንሱ ብቻውን ከፍ ስለሚል ግንቡ እንደ ቆመ ቀጥ ብሎ ይነሳል። የድንጋዩ ስንጥቅና የኖራው ጥርብ ሳይቀር በምስሉ ላይ ይነበባል፤ ለቅርስ ጥገና የሚሠራ ባለሙያ ዋጋውን ያውቀዋል።

የሣጥኑ ጣጣ አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም በአጼ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በማቋረጥ መቅደላ ሲደርስ፣ ከመሐንዲሶች ክፍል የተውጣጡ ፎቶ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ሲሆን መልክዓ ምድሩንና ሰዎችንም አንስተዋል። በዚያ ዘመን የነበረው ዘዴ እርጥብ ሰሌዳ ይባላል። መስታወቱ እዚያው ቦታው ላይ ኬሚካል ይቀባል፤ ሳይደርቅ ምስሉ ይነሳበታል፤ ሳይደርቅም ይታጠባል። ስለዚህ ጨለማ ድንኳኑ፣ የኬሚካል ጠርሙሶቹ፣ መስታወቱና ውኃው ካሜራውን ተከትለው በጋማ ከብት ይጫኑ ነበር።

የሚያስቆጨው፣ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ አይታወቅም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው በፈረንጆች 1868 እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ሴት ትልቅ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ተነስተዋል። የዚያን ሕፃን ትካዜ ዛሬ በግልጽ ማየት የተቻለው ሰሌዳው ትልቅ ስለነበረ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደረቅ ሰሌዳ ተፈለሰፈና ፎቶ አንሺው ድንኳንና ኬሚካል ከመሸከም ተገላገለ። ሸክሙ ግን ወደ ሣጥኑ ተዛወረ። ሰሌዳው ቦታው ላይ መታጠቡ ስለቀረ፣ የወራት ልፋት በሙሉ ያልታየ ምስል ሆኖ በመስታወት ላይ ተቀምጦ መጓዝ ጀመረ። በ1898 ዓ.ም በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ቡድን የሐውልቶቹንና የሕንጻዎቹን ፎቶግራፎች ይዞ የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ሣጥኑ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ ሥራው ተመልሶ አይገኝም ነበር።

ጎንደርም የራሷ ታሪክ አላት። የፈረንሣዩ የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከ1924 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ለአምስት ወራት ገደማ በከተማዋ ሰንብቷል። በጉዞው የተነሱት ፎቶግራፎች ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በሣጥን የሄደው ግን ፎቶግራፍ ብቻ አይደለም። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችም ተነቅለው፣ በቦታቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ተተክቶ፣ ከአገር ወጥተዋል። ጎንደሬ ስለ ሣጥን ሲያነሳ ይህን አለማስታወስ አይችልም።

ወደ አሠራሩ እንመለስ። ጥሩ ሣጥን ለመሥራት ሞዴል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁለት የቆዩ የአገር ቤት ዕቃዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ። አንደኛው ማኅደር ነው። የብራና መጽሐፍ ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ተሰፍቶ ስለሚሠራ መጽሐፉ ውስጡ አይንገላወድም፤ ማንገቻው ደግሞ በትከሻ ለመያዝም በግድግዳ ላይ ለመስቀልም ይሆናል። ሁለተኛው አገልግል ነው። ውስጡ ቀላልና ተጣጣፊ የሣር ስፌት፣ ውጪው ዝናብና መላላጥ የሚችል ቆዳ ነው። ቀላል አካል፣ ጠንካራ ሽፋን፣ በልክ የተሠራ ውስጥ፤ ዘመናዊዎቹ ሣጥኖችም ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር የላቸውም።

በአንድ ነገር ግን አገልግልን መምሰል አይገባም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ያበቅላል። ሌንስ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ቢቀመጥ መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ይወጣበታል፤ ያ ሻጋታ የሌንሱን ገጽ ከበላ በኋላ ቢጠረግም አሻራው አይጠፋም። ቆዳው ከውጭ ይሁን፤ ሌንሱ የሚያርፍበት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሁን።

ተሠርቶ የሚሸጥ ሣጥን የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ያገኛል። አየርና ውኃ የማያስገባው ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን በጠንካራነቱ አይታማም፤ ነገር ግን ከባድና ውድ ነው። በደጋ አገር አንድ ጠባይም አለው። 3 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጨነቅ የተዘጋ ሣጥን ጎንደር ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚበልጥ ክዳኑ ተጣብቆ አልከፈት ይላል። አየር ማስተንፈሻ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ማስተንፈሻው በእጅ የሚከፈት ከሆነም ክዳኑን ከመታገል በፊት እርሱን መፍታት ነው። ሁለተኛው የጀርባ ሻንጣ ነው። ለ10 በ13 ካሜራ ይበቃል፤ ለ20 በ25 ግን አይመከርም።

ለአብዛኛው ሰው ግን አናጺ ዘንድ ማሠራቱ የተሻለ ነው። በመጀመሪያ ካሜራው ታጥፎ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ይለካል። በየጎኑ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ለመደላድል ይጨመራል። እዚህ ላይ የእንጨቱ ምርጫ ሁሉንም ይወስናል። ከውጭ 50 በ45 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን በ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቢሠራ ባዶው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ያው ሣጥን በ2 ሴንቲ ሜትር የባሕር ዛፍ ሳንቃ ቢሠራ ወደ 16 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሣጥኑ ከካሜራው ከከበደ ሰውም በቅሎም የሚደክሙት ለእንጨት ነው። ባሕር ዛፍ በዚያ ላይ ሲደርቅ ይጣመማል፤ የተጣመመ ክዳን ደግሞ አቧራ ያስገባል። ዋንዛ ቀላልና ታዛዥ እንጨት ቢሆንም ከተፈጥሮ ደን መቁረጡ በሕግ የተገደበ በመሆኑ ከአሮጌ የቤት ዕቃ የተረፈ ሳንቃ ካለ ለማዕዘኖቹ ማጠናከሪያ መጠቀም ይቻላል።

መጋጠሚያዎቹ በኮላ ተጣብቀው በብሎን ቢያዙ ይመረጣል፤ ሚስማር በመንገድ ንቅናቄ ቀስ በቀስ እየወጣ ዕቃውን ይቧጥጣል። ማዕዘኖቹ ይድቦልቦሉ። በቅሎዋን የሚነካው ጎን ፍጹም ለስላሳ ሆኖ ቁልፍም እጀታም አይኑርበት። ከውጭ በኩል መጫኛው እንዳይንሸራተት ሁለት ቀጫጭን ጣውላዎች ይመታሉ። ክዳኑ ከላይ ቢሆን ሣጥኑን ሳያወርዱ መክፈት ይቻላል።

ለመደላድል ብዙ ሰው የፍራሽ ስፖንጅ ይመርጣል። ለአንድ ጉዞ ያገለግላል፤ ሲያረጅ ግን እየተፈረፈረ ዱቄቱ ወናፉና ሌንሱ ላይ ይነሰነሳል። በደንብ ታጥቦ የደረቀ የባና ቁራጭ በስስ የጥጥ ጨርቅ ተሰፍቶ ቢገባ ይበልጣል፤ ብል እንዳይገባው ብቻ በየጊዜው ይታይ። መጠኑ የሚታወቀው በሁለት ፍተሻ ነው። ሣጥኑ ሲወዘወዝ ውስጡ ከተንኳኳ መደላድሉ አንሷል፤ ክዳኑ ካልተጫኑት አልገጥም ካለ በዝቷል። ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ጫናው በቀጥታ ጭጋጋማው መስታወት ላይ ያርፋልና። መስታወቱ በስስ ጣውላ ሊሸፈን ይገባል። ሌንሱ ሁልጊዜ ከካሜራው ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ወናፉም ሙሉ በሙሉ ይታጠፍ።

በቅሎን በተመለከተ ባለ በቅሎው ከፎቶ አንሺው ይልቅ ያውቃል፤ ቃሉን መስማት ተገቢ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በሚገኝበት በደባርቅ አጋሰስ የሚያከራዩ ገበሬዎች ኑሯቸው በእንስሳቱ ጀርባ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ሣጥን ብቻውን በአንድ ጎን አይጫንም። ጭነቱ ካልተመጣጠነ ድልድሉ ይዞራል፣ የበቅሎዋ ጀርባ ይገጠባል፤ ገጣባ በቅሎ ደግሞ ለሳምንታት ሥራ ትፈታለች። የዚያ ሳምንት ኪሳራ የእንግዳው ሳይሆን የባለ በቅሎው ነው። ስለዚህ ካሜራው በአንድ ሣጥን፣ የፊልም ማቀፊያዎቹ፣ ሌንሶቹና ጥቁሩ ጨርቅ በሌላ እኩያ ሣጥን ይሁኑ። ሚዛን ከሌለ አንድ ሰው ሁለቱን በሁለት እጁ አንስቶ ልዩነቱን ያውቀዋል። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ በቁመቱ ከበቅሎዋ ጎን ጋር ይታሰር፤ አግድም ከተጫነ በጠባብ መንገድ ላይ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት የኋላው ማሰሪያ መጥበቁ ይታይ።

በመኪና ሲሆን ፖርቶ መጋላው የመጨረሻ ምርጫ ነው። ፀሐይ፣ አቧራና ከላይ የሚጫን ጆንያ ሁሉም እዚያ ናቸው። ከእግር ሥር ወይም ከጉልበት ላይ ማድረጉ ለአንድ ተጨማሪ መቀመጫ መክፈልን ቢጠይቅም ያዋጣል። እያንዳንዱ የፊልም ማቀፊያ ለብቻው በፌስታል ይጠቅለል፤ ፊልሙ ላይ ያረፈች አንዲት የአቧራ ቅንጣት በታተመው ፎቶ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች። ኬላ ላይ ፍተሻ መኖሩ አይቀርም። ፈታሹ ማቀፊያውን ከከፈተው ምስሉ ሊመለስ በማይችል ሁኔታ ይቃጠላል። ስለዚህ በጉልህ አማርኛ «አይከፈት፤ ብርሃን ያጠፋዋል» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት፤ ለማሳያም ፊልም የሌለበት አንድ ባዶ ማቀፊያ ከላይ ይቀመጥ። በጎንደር አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚያልፍ ሰው ፊልሙን ከሚጫነው ሻንጣ አውጥቶ በእጁ ይያዝ፤ ለሚጫን ሻንጣ የሚውለው ራጅ ፊልም ያበላሻል።

ተጓዥ ላልሆነውም ነዋሪ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ከቆየ ፎቶ ቤት የተወረሰ ካሜራ ወይም የመስታወት ሰሌዳ ያለው ቤተሰብ፣ ቤት ሲታደስ ወይም ሱቅ ቦታ ሲቀይር፣ በአንድ ቀን የሦስት ትውልድ መልክ ሊያጣ ይችላል። 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ አንዱ 250 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 25ቱ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ናቸው። ተደራርበው ከተኙ የታችኛው የሁሉንም ክብደት ይሸከማል። ሰሌዳ እንደ መጽሐፍ በረጅም ጎኑ ቆሞ ነው የሚጓዘው። እያንዳንዱ በነጭ ንጹሕ ወረቀት ይጠቅለል፤ ጋዜጣ ግን ቀለሙና አሲዱ ምስሉን ስለሚጎዳ አይሆንም። በሣጥኑ ውስጥ የሚተርፍ ክፍተት በካርቶን ይሞላ፤ ብዛታቸው በአንድ ሣጥን ከ20 ባይበልጥ ለአንሺው ይቀልላል። የቆሸሸ ሰሌዳ በውኃ አይታጠብ፤ ምስሉ ያለበት ገጽ ልብስ ስፌት መርፌ ከሚያክል ውፍረት ያነሰ የጌላቲን ሽፋን በመሆኑ በውኃ ይልማል። የተሰበረም ቢሆን አይጣልም፤ ስብርባሪው በካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተደርድሮ ሳይነካካ ከተጠበቀ ምስሉ በኮምፒውተር ሊገጣጠም ይችላል። በሣጥኑ ላይ የማን ቤተሰብና በየትኛው ዓመት ገደማ እንደተነሳ፣ የሚያውቁት አያት በሕይወት ሳሉ በእርሳስ ይጻፍበት።