ሄደው የቀሩ፣ ሄደው የመጡ

የሙዚቃ ባንድን ጉዞ የሚከተል ዘጋቢ ፊልም መንገዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ባንዱ ከቤቱ ይነሳል፣ ከከተማ ከተማ ይዞራል፣ በመጨረሻም ይመለሳል። የዋልያስ ባንድ የአሜሪካ ጉዞ ግን መመለሱ ላይ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ። ይህን ታሪክ እስቲ አብረን እንመልከተው።

ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ነበር። ከ1974 (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ታዲያ ሰዓቱ ያለፈበት ታዳሚ ወዴት ይሂድ? እዚያው እስኪነጋ ይጨፍራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወትለታል። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚበጠርበት በዚያ ዘመን፣ ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንዶች መካከል እዚያ ለመዞር የመጀመሪያው ነበር። በየዩኒቨርሲቲውና በየምሽት ክበቡ የተጫወተውም በአብዛኛው ለስደተኛ ወገኖቹ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ደርግና ሰዓት እላፊ ወዳሉበት ከተማ ተመለሱ። ባንዱም ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያስ? ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። ግርማ ነዳጅ ማደያ ሠራ። የኃይሉ የ1985 ሥራ በ2013 እንደገና ሲታተም ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ። ግርማም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። በዚያው ዓመት የፖላንዱ ዳይሬክተር ማቼይ ቦህኒያክ ስለ «ኢትዮጲክስ» የሸክላ ስብስብ ፊልም ሠራ፤ የግርማ ነገርም በውስጡ አለ።

ደስ ይላል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። የሄደ ሰው ሲመለስ ወሬ ይሆናል፤ ተመልሶ እዚሁ የኖረውንስ ማን ወሬ ያደርገዋል? ስደት ታሪክ ሲባል፣ መመለስ ግን ዝም ብሎ ኑሮ መስሎ ይታያል። እኛ እንደምናምነው ሁለቱም አንድ ታሪክ ናቸው። በአንድ አውሮፕላን የሄዱ ሰዎች ታሪክ በግማሽ አይጻፍም!

ከእንጦጦ ሥር፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ የካና ኮተቤ፣ በየሰፈሩ የድሮ ኦርኬስትራ ተጫዋች አይጠፋም። የሁላችንም ስልክ ድምፅ ይቀዳል። እንግዲህ ፈረንጅ ካሜራ ተሸክሞ እስኪመጣ ምን ያስጠብቀናል? አባባ ከበሮውን እንዴት ይመቱ ነበር፣ ሌሊቱ እንዴት ይነጋ ነበር ብለን ዛሬውኑ እንጠይቅ።