አፊሌ፣ የወንፊቱ መንደር

መርካቶ ውስጥ ወንፊትና ሰፌድ ከሚሸጥበት በረንዳ አጠገብ ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ሻጯ ወንፊቱን እንዲሁ አንስታ አትሰጥም። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች፤ የጠርዙን ስፌት በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ትዳስሳለች፤ ከዚያ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታሰማችኋለች። ይህችን ትንሽ ዕቃ ያዙልኝ። ጣሊያን አገር ተራራ ላይ ወዳለች አንዲት መንደር የምታደርሰን እሷ ናት።

መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ከዚያው አገር የመጣ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከተማውን በቀለም ሲከፍሉ የአራዳን አካባቢ ለአውሮፓውያን ያዙት፤ ሐበሻውን ነጋዴ ወደ ምዕራብ አውጥተው አዲሱን ቦታ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት። የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ሰዉ ሁለተኛውን ቃል ጥሎ የመጀመሪያውን ብቻ አስቀረ። ለመነጠል ተብሎ የተከለለው ቦታም የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ።

በዚያ ወረራ መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ ተቀምጦ የሙሶሊኒ መንግሥት እንደራሴ ሆኖ የገዛው ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። የተወለደው ፊሌቲኖ በምትባል የተራራ መንደር ሲሆን የተቀበረው አፊሌ ነው። አፊሌ ከሮም በስተምሥራቅ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ 1,500 ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ሮም የደረሰ ኢትዮጵያዊ አንድ ቀን ቢተርፈው እዚያ ይሂድ እላለሁ።

መጀመሪያ የሚታየው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ እንደጻፈው፣ ወጣቱ ቤኔዲክቶስ የሮምን ትምህርት ትቶ ከሞግዚቱ ጋር ወደዚህ መንደር መጣ። ስሟ ያኔ ኤንፊዴ ነበር። ሞግዚቱ ስንዴ ልትነፋ ከጎረቤት ወንፊት ተዋሰች፤ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠም ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ። የሰው ዕቃ ነውና አለቀሰች። ልጁ ሁለቱን ስባሪ ይዞ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሲነሳ ወንፊቱ ደኅና ሆኖ አጠገቡ ተገኘ። የመንደሩ ሰዎችም ያንን ወንፊት ሎምባርዶች እስከመጡበት ዘመን ድረስ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰቅለውት ኖሩ። የምዕራቡን ዓለም የምንኩስና ሥርዓት የጻፈው ሰው የመጀመሪያ ተአምሩ የተዋሱትን ዕቃ ደኅና አድርጎ መመለስ ነው። ከጎረቤት ምጣድና ሙቀጫ ሲዋስ ለኖረ ሕዝብ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ቀጥሎ ሱቢያኮ ነው፤ ቅርብ ነው። ቤኔዲክቶስ ዝናውን ሸሽቶ ሦስት ዓመት የተቀመጠበት ዋሻ ገደል ላይ ተጣብቆ በተሠራ ገዳም ውስጥ ይገኛል። ደብረ ሊባኖስ ሄዶ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዋሻ የተሳለመ ሰው እዚህ ሲገባ እንግድነት የሚሰማው አይመስለኝም። የድንጋዩ ቅዝቃዜ፣ የሻማው ሽታ፣ የጠባቡ ደረጃ ዝምታ ሁሉ ያውቀዋል። በአፊሌ ስም የሚጠራ ቼዛኔዜ የሚባል ቀይ ወይንም አለ፤ ከምሳ ጋር ይጠጣል።

ከዚያ ወደ አፊሌ ተመልሶ ራዲሞንቴ የተባለው መናፈሻ ይኬዳል። እዚያ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤት ቆሟል፤ ግንባሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት የጣሊያንኛ ቃላት ተጽፈዋል። የግራዚያኒ መታሰቢያ ነው። በልደቱ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2012 ተመረቀ፤ ወደ 127 ሺህ ዩሮ የሚሆን የላዚዮ ክልል የሕዝብ ገንዘብ ፈሶበታል።

የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነገር በዚያ ግድግዳ ላይ የለም። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቦምብ ከጣሉ በኋላ አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ታረደች፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም የደብረ ሊባኖስ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መረሸናቸውን አስታወቀ፤ ቆይቶ ደግሞ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል የሟቾቹን ቁጥር ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ግራዚያኒ ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1950 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመን ናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱም በወራት ውስጥ ተለቀቀ።

መታሰቢያውን የተቃወሙት ኢትዮጵያውያን ብቻ አይደሉም፤ ጣሊያናውያንም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የቲቮሊ ፍርድ ቤት የመንደሩን ከንቲባና ሁለት የምክር ቤት አባላት ፋሺዝምን በማወደስ ጥፋተኛ ብሎ እስራት ፈረደባቸው፤ ክርክሩም በይግባኝ ቀጠለ። የሚያሳዝነው፣ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ መታሰቢያውን ለመቃወም የወጡ ሰዎች በፖሊስ መታሰራቸው ነው።

እኔን የሚቆጨኝ የምርጫው ነገር ነው። ይህች መንደር ወንፊት የጠገነ ልጅ ነበራት፤ በሕዝብ ገንዘብ ቤት የሠራችው ግን ገዳም ላስፈጀ ሰው ነው። ቤቱ ፍርስራሽ ይሁን ብዬ አልሟገትም። ግንባሩ ላይ የ297ቱ፣ የ23ቱና የ129ኙ ቁጥር ይጻፍበት እላለሁ፤ ቁጥሩ ከራሱ ቴሌግራሞች የወጣ ነውና ማንም ሐሰት ሊለው አይችልም።

ሮምና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች፣ የሚመጣው የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ከሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ፣ እናንተም በአውቶቡስ ወደ አፊሌ ውጡ። በቅዱስ ጴጥሮስ ደጃፍ ጧፍ አብሩ፤ ለሚጠይቃችሁ የመንደሩ ሰው ሁሉ ደግሞ የደብረ ሊባኖስን ታሪክ ተቀምጣችሁ ንገሩት።