ስለ እንዶድና ስለ ሁለቱ ተሸላሚ ሊቃውንት

ወጣቶች ሆይ! ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ክብርን የማይመኝ የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ክብርን የሚያየው ከመጨረሻው ነው፤ አዳራሹንና ጭብጨባውን፣ የሚሰጠውንም ሽልማት ያያል እንጂ ክብሩ የበቀለበትን መሬት አይመረምርም። እኔም ረጅም ዘመን ሣይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስሆን፣ የሊቃውንትን ሽልማት እየቆጠርሁ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ሽልማቱ ከየት እንደሚጀመር የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። ስለዚህ የሁለት ኢትዮጵያውያንን ታሪክ፣ ከርሱም ጋር የራሴን አንድ ጥፋት እጽፍላችኋለሁ። የዓመቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እርሱም በ1851 ዓ.ም. በካይሮ ሲሠራ በሽታውን የሚያመጣውን ትል በሬሳ ምርመራ አገኘ። ትሉ የሚኖረው በሰው ደም ሥር ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ወይም ከሽንት ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ጥቃቅን ፍጥረት በውሃ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ይገባና በሰውነቱ ውስጥ ይራባል። ከዚያ በኋላ ወጥቶ በውሃው እየዋኘ፣ ሊያጥብ ወይም ሊቀዳ ወይም ሊታጠብ የገባውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባበታል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ መንገድ ከመካከሉ ተቆረጠ ማለት ነው።

በሽታው ሰውን በአንድ ቀን አይጥልም። ነገር ግን ጉበትን፣ አንጀትን ወይም የሽንት ፊኛን ቀስ በቀስ እየጎዳ፣ የሕፃናትንም ደም እያሳነሰ ከትምህርትና ከዕድገት ያስቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. የመከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ250 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ገምቷል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በሣይንስ የዶክተርነት ማዕረግ ያገኙ ሰው ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በየትኛው ውሃ እንደሚገኙ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በዚያም በወንዙ ዳር ሲመላለሱ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው አገኙ። ልብሱ የሚታጠበውም በእንዶድ ነበር።

እንዶድን የማታውቁ የከተማ ልጆች ትኖሩ ይሆናል። እንዶድ በየአጥሩና በየቁጥቋጦው የሚያድግ ተክል ነው፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃም ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ነጭ ሸማ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ከዶክተር አክሊሉ አስቀድሞ ያን አረፋ ብዙ ሰው አይቶታል፤ ከዚያም መካከል የተማረ ሰው ሳይኖርበት አይቀርም። አክሊሉ ግን አይተው አላለፉም። ቀንድ አውጣውን የገደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ሴት፣ አረፋውን ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምርላቸው ጠየቋት። እርሷም ጨመረችላቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ታላቁ ምርምር የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። በቤተ ሙከራ ሳይሆን በወንዝ ዳር፣ በውድ መሣሪያ ሳይሆን በአንድ ጥያቄና በአንዲት አጣቢ ሴት እጅ ተጀመረ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው።

ነገር ግን መጠየቅ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አክሊሉ በ1966 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ከባልደረቦቻቸውም ጋር የእንዶድን ኃይል መመርመር ቀጠሉ። ከፍሬው ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ተለይቶ ሲወጣ፣ በአክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ በተጀመረባት በዐድዋ ወንዞቹን በእንዶድ የማከም ሥራ ተካሄደ። በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው በሽታ ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። ከመቶ ሕፃናት አርባ ሦስቱ ከበሽታ ዳኑ ማለት ምን ያህል የእናት እንባ እንዳስቀረ አስቡት!

ሁለተኛው ሊቅ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። እንዶድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ አገር ፍሬ ብርቱ ሲሆን የሌላው ደካማ ይሆናል። ዶክተር ለገሠ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰበውን እንዶድ እያነጻጸሩ፣ ኃይሉ የበረታውንና ፍሬው የበዛውን መርጠው ለማልማት ደከሙ። ከተመረጡትም ዋነኛው ቁጥር 44 የተባለው ነው። የወንዝ ዳሩ ታሪክ ሲነገር ይህ የእርሻ ድካም ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ገበሬው ተክሎ የሚጠቀምበት ዘር ካልተገኘ፣ የተገኘው ምሥጢር በወረቀት ላይ ብቻ በቀረ ነበር።

ክብሩ ግን ፈጥኖ አልመጣም። ከውጭ የነበሩ ባለሙያዎችና ገንዘብ ሰጪዎች፣ እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደማያመጣ በዓለም አቀፍ ደንብ ካልተመረመረ አንቀበለውም አሉ። በእውነቱ ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነውና፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። የሚያሳዝነው ግን ለዚያ ምርመራ የሚሆነው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት መዘግየቱ ነው። አፍሪቃውያን በአገራቸው ቤተ ሙከራ ያገኙት ውጤት የማይታመን መሆኑ ዶክተር አክሊሉን እጅግ ያሳዝናቸው ነበር። ተስፋ ግን አልቆረጡም፤ ገንዘብ ሰጪ እየፈለጉ፣ በየጉባኤውም እየተናገሩ ቆዩ።

በመጨረሻም በ1989 ዓ.ም. ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በስዊድን አገር ተቀበሉ። ይህን ሽልማት በ1980 ዓ.ም. ያቋቋመው ያኮብ ፎን ኡክስኩል የሚባል ሰው ሲሆን፣ ገንዘቡን ያገኘው የቴምብር ስብስቡን ሸጦ ነው። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በዐድዋ ወንዝ ዳር ከተጠየቀው ጥያቄ እስከ ስዊድኑ ሽልማት 25 ዓመት አልፏል። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ያቋቋሙትም ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በ1987 ዓ.ም. ዕድሜዬ ሃያ አምስት ዓመት ሲሆን፣ ወንዝ በሚያልፍባት በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰባተኛ ክፍልን አስተምር ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ ሥርዓትን እወድ ነበር፤ መጽሐፉንም ከዳር እስከ ዳር አስጠና ነበር። አንድ ቀን የቢልሃርዚያን ትል መንገድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ሳስረዳ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እናቴ በእንዶድ ከምታጥብበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ነው የምናገኘው። እንዶዱ ይሆን የሚገድለው?» አለችኝ።

እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች እንደምታሳድጋት ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም ፈጥኜ «ይህ የሣይንስ ክፍለ ጊዜ ነው እንጂ የልብስ ማጠቢያ አይደለም፤ በመጽሐፉ ያለውን ጻፊ» አልኋት። ልጆቹ ሳቁ። እርሷም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ክፍል እጇን አላወጣችም። ዓመቱም ሳያልቅ ትምህርቷን ተወች። ምክንያቱ የቤታቸው ችግር ነው ተባለ፤ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እጄ የለበትም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ከአምስት ዓመት በኋላ በክረምት የመምህራን ትምህርት ላይ አንድ አስተማሪ የዶክተር አክሊሉን ታሪክ ነገሩን። ጓደኞቼ በአገራቸው ልጅ ክብር ሲደሰቱ እኔ ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ። ያች ልጅ የጠየቀችኝ፣ ሊቁ በዐድዋ የጠየቁት ያው ጥያቄ ነበርና። እርሷ በጠየቀችኝ ቀን መልሱ ከተገኘ 23 ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔ ግን አላውቀውም ነበር። አለማወቄ አያሳፍረኝም፤ የሚያሳፍረኝ ዝም ማሰኘቴ ነው። «አላውቅም፤ ነገ ወርደን አብረን እንይ» ብላት ምን ይጎድልብኝ ነበር? በኋላ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ብጠይቅ፣ ቤተሰቡ አገሩን ለቆ ሄዷል አሉኝ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እንዶዱ በእጃችን ነበር፤ ልጂቱም በእጄ ነበረች። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ ተማሪ የማላውቀውን ሲጠይቀኝ ጥያቄውን በደብተሬ እጽፍ ነበር፤ መልሱንም አብረን እንፈልግ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመመስገን አይደለም፤ ለአንዲቱ ልጅ የዘገየ ካሣ ስለሆነ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ሥራው ገና አላለቀም። ዛሬ ለቢልሃርዚያ በብዛት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ሰውየው ወደዚያው ውሃ ሲመለስ ግን እንደገና ከመያዝ አያድነውም። ከእናንተ መካከል ሐኪም ወይም ተመራማሪ የሚሆን አይጠፋም፤ ምናልባትም የሚሸለም ይኖራል። ያ ቀን ሲመጣ፣ ባላችሁ ጊዜ የመለሰላችሁን ያልተማረ ሰው አስታውሱ። ያ ቀን ባይመጣም እንኳ፣ የድሀ ልጅ ስትጠይቃችሁ ቆማችሁ ስሙ።