የተጠየቀ መዝገብ «አልተገኘም» ሲባል፦ በቂ ፍለጋ ምን ማለት ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለመረጃ ጥያቄ ከሚሰጧቸው ምላሾች መካከል ተገልጋዮችን ይበልጥ የሚያስጨንቀው «ፈልገን አላገኘነውም» የሚለው ነው። መረጃው እንዳይሰጥ ተከልክሎ ከሆነ የክልከላው ምክንያት ይጠየቃል፣ የሕግ ድንጋጌው ይጠቀሳል፣ ቅሬታም ይቀርባል። «አልተገኘም» ሲባል ግን ብዙ ተገልጋዮች ጉዳዩ በዚያው ያበቃ ይመስላቸዋል። ይሁንና ምላሹ ተቀባይነት የሚኖረው መሥሪያ ቤቱ በአግባቡ ፈልጎ እንደሆነ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ በቂ ፍለጋ የሚመዘንበትን መንገድ፣ የምላሽ ደብዳቤው ሊይዛቸው የሚገቡ ነጥቦችን እና ተገልጋዩ ሊወስዳቸው የሚችላቸውን እርምጃዎች ያብራራል።

የጉዳዩን ክብደት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቀድሞ ለ8 ዓመታት ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስረጃቸውን አላገኘሁም ቢላቸው፣ እነዚያ ዓመታት በአገልግሎት ዘመናቸው ላይ ላይታሰቡ ይችላሉ። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ስሌት መሠረት ከ10 ዓመት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ስለሚታከል፣ 8 ዓመት ማጣት ለጡረታ ስሌት መነሻ ከሚሆነው አማካይ ደመወዝ 10 በመቶውን እንደማጣት ነው። በአንድ መደርደሪያ ላይ የተዘለለ ፋይል በአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ገቢ ላይ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው።

የመብቱ ሕጋዊ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን የሚያዝ ሲሆን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ከሐሳብ ነፃነት ጋር አያይዞ ዕውቅና ሰጥቶታል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህንኑ በመዘርዘር ማንኛውም ሰው በአዋጁ በግልጽ ከተከለከሉት በስተቀር በመንግሥት አካላት እጅ የሚገኝ መረጃን የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በበኩሉ አስተዳደራዊ ውሳኔዎች ምክንያታቸው ተገልጾ እንዲሰጡ ይጠይቃል። በመሆኑም «የለም» የሚል አንድ መስመር ምላሽ የእነዚህን ሕጎች ዓላማ አያሟላም። መረጃ የማግኘት መብት መረጃው በተገቢው ትጋት እንዲፈለግ የመጠየቅ መብትንም በውስጡ ይይዛል፤ ፍለጋ የሌለበት መብት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

«የለም» የሚለው ምላሽ አምስት የተለያዩ ትርጉሞች

በተግባር «የለም» የሚለው ቃል ተለይተው መታየት ያለባቸውን አምስት ሁኔታዎች ሊሸፍን ይችላል።

1. መዝገቡ ከመጀመሪያውም አልተዘጋጀም፦ መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን የማዘጋጀት ኃላፊነት እንዳልነበረበት ወይም ኃላፊነቱ እያለ እንዳላዘጋጀው ሊገልጽ ይገባል።

2. መዝገቡ ተዘጋጅቶ ነበር፣ አሁን ግን አልተገኘም፦ የት የት እንደተፈለገና ለመጨረሻ ጊዜ በማን እጅ እንደነበረ መገለጽ አለበት።

3. መዝገቡ ወደ ሌላ አካል ተላልፏል፦ የተላለፈበት የርክክብ ሰነድ፣ ቀኑና የተረከበው መሥሪያ ቤት ስም ሊጠቀስ ይገባል።

4. መዝገቡ ተወግዷል፦ የመንግሥት መዛግብት በማንም ሰው ውሳኔ የሚጣሉ አይደሉም። ማስወገዱ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ማዕቀፍ ውስጥ የሚታይ በመሆኑ፣ የተወገደው መዝገብ ዝርዝርና ውሳኔው የሰፈረበት ሰነድ ሊኖር ይገባል።

5. መዝገቡ አለ፣ ነገር ግን አይሰጥም፦ ይህ የፍለጋ ሳይሆን የክልከላ ጉዳይ ነው። የክልከላው ሕጋዊ ምክንያት በግልጽ ሊነገር ይገባል እንጂ «አልተገኘም» በሚል ቃል ሊሸፈን አይችልም።

ተገልጋዩ ምላሹ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቁ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን በግማሽ ያቃልለዋል።

የበቂ ፍለጋ መመዘኛ

የአንድ ፍለጋ በቂነት የሚመዘነው በውጤቱ ሳይሆን በአካሄዱ ነው። መዝገቡ ባይገኝም ፍለጋው በቂ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ በአጋጣሚ ቢገኝም ፍለጋው ጉድለት የነበረበት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ ላይ የተሰጡ ውሳኔዎች በዚህ ረገድ ግልጽ መመሪያ ይሰጣሉ። የዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ በሰጣቸው ውሳኔዎች፣ ዋናው ጥያቄ ሌላ ሰነድ ሊኖር ይችላል ወይ የሚለው ሳይሆን የተካሄደው ፍለጋ የተጠየቀውን ሰነድ ያስገኛል ተብሎ በምክንያታዊነት የሚታመን ነበር ወይ የሚለው መሆኑን አስረድቷል። ይኸው ፍርድ ቤት በ1990 በሰጠው ውሳኔ ደግሞ መረጃው ሊገኝባቸው የሚችሉ ሌሎች የመዝገብ ሥርዓቶች እያሉ መሥሪያ ቤቱ ፍለጋውን በአንዱ ብቻ ሊወስን እንደማይገባ አመልክቷል።

እነዚህ ውሳኔዎች በሀገራችን አስገዳጅ ባይሆኑም ነጥቡ ለየትኛውም መዝገብ ቤት የሚሠራ ነው። ፍለጋው በቂ ነው ለማለት ጥያቄው በትክክል መነበቡ፣ ሰነዱ ሊኖር የሚችልባቸው ቦታዎች ሁሉ መለየታቸው፣ ተገቢ የመፈለጊያ ቃላትና ቁጥሮች ጥቅም ላይ መዋላቸው፣ ስለ ጉዳዩ የሚያውቁ ሠራተኞች መጠየቃቸው እና የተከናወነው ሥራ በጽሑፍ መያዙ ሊረጋገጥ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ከአቅም በላይ የሆነ ፍለጋ እንዲያካሂድ አይጠበቅበትም፤ ሰነዱ ይገኝባቸዋል ተብለው የሚገመቱ ቦታዎችን ግን መዝለል አይችልም።

ፍለጋ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከልባቸው ምክንያቶች

የስም አጻጻፍ፦ በአማርኛ አንድ ድምፅ በተለያዩ ፊደላት ይጻፋል። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ» ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራሉ። «ወልደ ሚካኤል» በአንዱ መዝገብ በሙሉ፣ በሌላው «ወ/ሚካኤል» ተብሎ በአሕጽሮት ሊሰፍር ይችላል። በአንድ አጻጻፍ ብቻ የተደረገ ፍለጋ በቂ ሊባል አይችልም።

የዘመን አቆጣጠር፦ «በ2005 የተጻፈ ደብዳቤ» ተብሎ የተጠየቀ ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በ2005 ዓ.ም. ፋይል ውስጥ ይፈለጋል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ግን በ1997 ወይም በ1998 ዓ.ም. ፋይል ውስጥ ነው የሚገኘው። ከውጭ ድርጅቶች ጋር የተደረጉ የደብዳቤ ልውውጦች ሲፈለጉ ሁለቱንም ዘመናት ማየት ያስፈልጋል።

የመሥሪያ ቤቶች መዋቅር ለውጥ፦ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር መመለሱ ይታወሳል። በእነዚያ ዓመታት ስለተጻፈ ደብዳቤ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት የራሱን ፋይል ብቻ ሳይሆን ከተዋሃደው ተቋም የተረከበውንም ሊመለከት ይገባል።

ግልባጭ፦ በመንግሥት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» በሚለው ስር የተዘረዘሩት ክፍሎችና መሥሪያ ቤቶች የደብዳቤው ቅጂ ይደርሳቸዋል። ዋናው ከፋይሉ ቢጠፋ እንኳ ቅጂው በፋይናንስ፣ በሰው ኃይል ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሊገኝ ይችላል። የገቢና የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብም ደብዳቤው ለየትኛው ክፍል እንደተመራ ያሳያል።

የምላሽ ደብዳቤው ሊይዛቸው የሚገቡ ነጥቦች

የደቡብ አፍሪካ የመረጃ ማግኘት ሕግ በአንቀጽ 23 መዝገብ ያልተገኘ ወይም የሌለ እንደሆነ ኃላፊው ይህንኑ በቃለ መሐላ ወይም በማረጋገጫ ቃል እንዲያሳውቅ፣ ለፍለጋው የተወሰዱትን እርምጃዎች ሁሉና ከፈላጊ ሠራተኞች ጋር የተደረጉትን ግንኙነቶች እንዲዘረዝር ያስገድዳል። መዝገቡ በኋላ ከተገኘም ለጠያቂው መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ አሠራር ጠያቂውን ብቻ ሳይሆን በትጋት የፈለገውን ሠራተኛም ከአላስፈላጊ ጥርጣሬ ይጠብቃል።

በመሆኑም ጥሩ የምላሽ ደብዳቤ የሚከተሉትን ሊይዝ ይገባል፦

• የተጠየቀው መዝገብ መሥሪያ ቤቱ በተረዳው መልክ፤
• የተፈለገባቸው ክፍሎች፣ ፋይሎችና የኮምፒውተር ሥርዓቶች ዝርዝር፤
• ጥቅም ላይ የዋሉ ስሞች፣ የደብዳቤ ቁጥሮችና ዓመተ ምሕረቶች፤
• ፍለጋውን ያካሄደው የሥራ ክፍልና የተካሄደበት ቀን፤
• መዝገቡ ሊገኝበት የሚችል ሌላ አካል ካለ ጥቆማ፤
• ቅሬታ የሚቀርብበት አካል።

ተገልጋዩ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ተግባራት

ፍለጋው የሚቃናው ከጥያቄው ነው። «ስለ እኔ ያላችሁን ሁሉ» ከሚል ጥያቄ ይልቅ የሰነዱን ዓይነት፣ የተጻፈበትን ግምታዊ ጊዜ፣ የክፍሉን ስምና የደብዳቤ ቁጥሩን የያዘ ጥያቄ የተሻለ ውጤት ያስገኛል። ስም በተለያየ አጻጻፍ ተጽፎ እንደሆነ ወይም በሕግ ተቀይሮ ከሆነ ሁሉንም መጥቀስ ይገባል። በእጅ የሚገኝ ማንኛውም ተያያዥ ሰነድ፣ ለምሳሌ የደመወዝ ደረሰኝ፣ የሥራ መታወቂያ ወይም ያንኑ ጉዳይ የሚጠቅስ ሌላ ደብዳቤ፣ ቅጂው ከማመልከቻው ጋር ቢያያዝ መዝገቡ እንደነበረ ያመላክታል፤ ለፈላጊውም መነሻ ይሆናል።

ጥያቄው ሲቀርብ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን መያዝ አስፈላጊ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ምላሽ ለመስጠት የተቀመጠው የ30 ቀናት ገደብ የሚቆጠረው ከዚህ በመነሣት ነው። ምላሹ «አልተገኘም» ከሆነ በቅድሚያ የት የት እንደተፈለገ በጽሑፍ መጠየቅ ይመከራል። ያልታየ ክፍል ወይም ያልተሞከረ አጻጻፍ ካለ ያንኑ ለይቶ በመጥቀስ ፍለጋው እንዲደገም ማመልከት ይቻላል። «ደግማችሁ ፈልጉልኝ» ከሚለው ይልቅ «በ1989 ዓ.ም. የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ላይ ይታይልኝ» የሚለው አቤቱታ ይበልጥ ክብደት አለው።

በዚህ ያልረካ ተገልጋይ ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል፤ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤትም ሊደርስ ይችላል። በየደረጃው የሚቀርበው ቅሬታ ቁጣን ሳይሆን የፍለጋውን ጉድለት ቢያሳይ ውሳኔ ለመስጠት ያመቻል።

ማጠቃለያ

መዝገብ ቤት የመሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የዜጎችም ማስታወሻ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የአንድ ሰው የአገልግሎት ዘመን፣ ይዞታ፣ ትምህርት ወይም ፍርድ ይዟል። በአግባቡ ተፈልጎ ያልተገኘ መዝገብ ተገልጋዩን ሊያሳዝን ይችላል፤ ነገር ግን የተደረገው ጥረት በግልጽ ሲነገረው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድና በምን ሌላ ማስረጃ ሊተካው እንደሚችል ያውቃል። ሳይፈለግ «አልተገኘም» የተባለ መዝገብ ግን ተገልጋዩን ከመብቱ፣ መሥሪያ ቤቱንም ከአመኔታው ያራርቃል።