«ግሪፍ» ማለት ሸክም ነው



ዛሬ ዛሬ ለቅሶ ቤት የሚመጡ ወጣቶች «ሶሪ» ሲሉ እንሰማለን። አንዳንድ አዛውንትም «ምን በድሎን ነው ይቅርታ የሚጠይቀን?» ይላሉ። ስለዚህ እንግሊዞች ለሐዘን የሚሏቸው ቃላት ከየት እንደመጡ በአጭሩ ብንመለከት ይጠቅማል ብለን አሰብን።

እንግሊዞች ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ሶሮው» ይሉታል። የጀርመኑ «ዞርገ» የቅርብ ዘመዱ ሲሆን ጭንቀትና ሐሳብ ማለት ነው። «ሶሪ» ግን ድምፁ ቢመሳሰልም የ«ሶሮው» ልጅ አይደለም። የወጣው ሕመም ወይም ቁስል ከሚል ሌላ የጥንት ቃል ነው። እንግዲህ መነሻው «እኔንም አመመኝ» እንደማለት ነውና ወጣቱን አንቀየመው።

«ግሪፍ» ደግሞ ከውጭ የገባ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ወግቶ ነገሠ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። «ግሪፍ»ም በ13ኛው ምዕተ ዓመት በዚሁ በር ገባ። ሥሩ የላቲኑ «ግራቪስ» ነው፤ ከባድ ማለት ነው። መጀመሪያ ማናቸውንም መከራ ይጠሩበት ነበር፤ ኋላ ግን ለልብ ሐዘን ብቻ እየሆነ ሄደ። ሠራተኛ የሚያቀርበው አቤቱታ «ግሪቫንስ»፣ የመሬት ስበትም «ግራቪቲ» የሚባሉት ከዚሁ ሥር ነው። መቃብር የሚሉት «ግሬቭ» ግን ዘመድ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ እሱ መቆፈር ከሚል ከአገሬው ቃል የወጣ ነው።

የኛ «ሐዘን» የግዕዝ ቅርስ ነው፤ ዐረቦችም «ሑዝን» ይላሉ። ቢሆንም እኛም «ሐዘኑ ከበደው»፣ «እንዴት ቻለችው!» እንላለን። ሳንመካከር ሁላችንም ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ሐዘን ይከብዳል።

የከበደውን ነገር ምን እናድርገው ቢባል፣ አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው መልሰውታል። ዕድርም ይኸው ነው። ድንኳን ስንተክል፣ እዝን ስንይዝ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ስናመሽ ሎሚውን እየተካፈልን ነው። ወርኃዊ መዋጮውን ከፍሎ ከለቅሶ የሚቀር አባል ግን የድንኳኑን ኪራይ አገዘ እንጂ ሸክሙን አላነሣም። ገንዘብ ያዥ ለሐዘን ደረሰኝ አይቆርጥም። ስለዚህ ጥሩምባው ሲነፋ እግራችንም ይምጣ።

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ የቀሩትን ያጽናልን።