ምስጥ፣ ባሕር ዛፍና የሊማሊሞ ቁልቁለት

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በስሜን፣ ደረስጌ ማርያም ላይ «ቴዎድሮስ» ተብለው ሲነግሡ በአገሪቱ አንድም የቴሌግራፍ ምሰሶ አልቆመም ነበር። ሽቦው የመጣው ከ13 ዓመት በኋላ፣ እርሳቸውን ፍለጋ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ከኋላው የቴሌግራፍ መስመር እየዘረጋ ደጋውን ወጣ።

ያ መስመር ለዘመቻ የተዘረጋ ነበር። ለመንግሥት ሥራ የተተከለው ምሰሶ ታሪክ የሚጀምረው ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከሰጡት የባቡር ውል ነው፤ ውሉ ከሐዲዱ ጎን ቴሌግራፍ እንዲዘረጋም ያዝዛል። ብዙም ሳይቆይ ሐረርና አዲስ አበባ በ477 ኪሎ ሜትር መስመር ተገናኙ። ስለ ሽቦውና ስለ ስልኩ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እንጨቱ ግን እምብዛም። በእኔ እምነት መስመሩን ደጋግሞ የጣለው እንጨቱ ነው። ምስጥ ከሥሩ ይበላው፣ ዝሆን እየታከከ ይገፋው ነበር፤ ሽቦውንም ሰው ለጌጥ ይወስደው ነበር።

በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ መላ መሰለ። ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ቶሎም ይደርሳል። ነገር ግን ጥሬው ከጽድ ልብ እንጨት ጋር አይወዳደርም፤ በመዳብ፣ በክሮምና በአርሴኒክ ውሕድ ወይም በክሪዮሶት በግፊት ካልተነከረ አፈርና አየር ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል። የቀረው አካሉ ጤነኛ እየመሰለ ምሰሶው የሚወድቀው ለዚህ ነው።

በስሜን፣ ደባርቅ አካባቢ ይህ የምሰሶ ችግር ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ይታያል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ብርድ ምስጥ ብዙ አያሰጋም፤ የምሰሶ ጠላት የክረምቱ እርጥበትና ነፋሱ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆረጠው የሊማሊሞ መንገድ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ሲወረድ ግን ቆላው ይቀበላል፣ ምስጡም አብሮ። ለደጋ የተመረጠ እንጨት እዚያ ዕድሜው አጭር ነው።

ለቆላው የኮንክሪት ምሰሶ ይሻላል፤ አይበሰብስም፣ አይበላም፣ አይነድም። ክብደቱ ግን ከእንጨቱ ብዙ እጥፍ ነው። የባሕር ዛፉን ምሰሶ ሰዎች ተጋግዘው በትከሻ ያደርሱታል፤ ኮንክሪቱ ክሬን ይፈልጋል፣ ክሬኑም መንገድ። ጉድጓዱስ? የተለመደው ስሌት የቁመቱ አንድ አሥረኛና 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ10 ሜትር ምሰሶ 1 ሜትር ከ60። በስሜን አለት ላይ ይህን መቆፈር ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በ1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተከለለ ወዲህ የአገሬው እንጨት ከምርጫው ወጥቷል። ጽዱና አስታው የዋልያ መኖሪያ ናቸው፤ ለምሰሶ ሊቆረጡ አይገባም። የዓለም ቅርስ ኮሚቴም የፓርኩን ጥበቃ ሲከታተል፣ በውስጡ የሚያልፈውን መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ጉዳይ አንሥቷል። ስለዚህ ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ለሚዘረጋ መስመር ስለ ምሰሶው ዓይነት ከመነጋገር በፊት በየት ይለፍ የሚለው ይቀድማል።